ቁጥጥር ባለበት ሰማይ ለጥቂት የሚተላለፉ ትናንሽ አውሮፕላኖች

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ለጥቂት ሳይጋጩ ሲተላለፉ በምድር ላይ የሚታይ ምልክት አይኖርም። ስብርባሪ አይወድቅም፤ ጋዜጣም አይጽፈውም። አብራሪዎቹ አርፈው ሞተራቸውን ያጠፋሉ፤ ተቆጣጣሪውም ተራውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት በአሠራሩ ውስጥ ተሰውሮ የኖረ ክፍተት ራሱን ገልጧል። የዚህ ንግግር ዓላማ ክፍተቱ በምን እንደሚፈጠርና ስለምን ሳይነገር እንደሚቀር ማመልከት ነው።

በቅድሚያ «ቁጥጥር ያለበት የአየር ክልል» የሚለው ስያሜ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል መገንዘብ ያሻል። ከማማው ጋር በራዲዮ የተገናኘ አብራሪ፣ ከሌላው አውሮፕላን የሚያራርቀው ተቆጣጣሪው እንደ ሆነ ማሰቡ የተለመደ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የክልል አመዳደብ ግን ይህን አይልም። በ«ሲ» እና በ«ዲ» ክልሎች በዓይን እይታ ደንብ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች በአየር ላይ እርስ በርሳቸው በተቆጣጣሪ አይራራቁም፤ የሚሰጣቸው አንዱ ስለ ሌላው የሚገልጽ መረጃ ነው። አይቶ መራቅ የአብራሪው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ አብራሪው በተቆጣጣሪው፣ ተቆጣጣሪውም በአብራሪው ዓይን ሲተማመን፣ በመካከሉ ጠባቂ የሌለው ስፍራ ይፈጠራል።

ዓይንም ወሰን አለው። ሁለቱም አቅጣጫና ፍጥነታቸውን ሳይለውጡ ለግጭት ሲቀራረቡ፣ መጪው አውሮፕላን በፊት መስተዋቱ ላይ አይንቀሳቀስም፤ እንደ ነቁጥ ባለበት ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች በድንገት ይገዝፋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ባወጣው ምክር፣ ነገሩን ከማየት አንሥቶ አውሮፕላኑ አቅጣጫውን እስኪለውጥ 12.5 ሰኮንድ ያህል ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው በ120 ኖት ፍጥነት ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት አውሮፕላኖች በዚህ ጊዜ ውስጥ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። በዚያም ላይ ክንፉ ከበታች የሆነው አውሮፕላን ክንፉ ከላይ ከሆነው በላይ ሆኖ ለማረፍ ሲወርድ፣ የእያንዳንዱ ክንፍ ሌላውን ይሸፍነዋል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2021 በአሜሪካ ዴንቨር አቅራቢያ በሚገኘው የሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ይህን በጉልህ ያሳያል። ስፍራው ማማ ያለው፣ የ«ዲ» ክልል ነበር። አንዲት ሲረስ አውሮፕላንና አንዲት ሜትሮላይነር የጭነት አውሮፕላን ጎን ለጎን ወደ ተዘረጉ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ሲቃረቡ፣ ሲረሷ የመጨረሻውን መታጠፊያ አልፋ ወደ ጎረቤቱ መስመር ገባችና ተጋጩ። ለሲረሷ አብራሪ ስለ ሜትሮላይነሯ ተነግሮት ነበር፤ ለሜትሮላይነሯ አብራሪ ግን ስለ ሲረሷ አልተነገረውም። ሲረሷ በራሷ ጃንጥላ ወረደች፤ ሜትሮላይነሯም ገላዋ ተቀዶ ሳለ በሰላም አረፈች። የገዛ አውሮፕላኑ መቀደዱን ያላወቀው አብራሪ ለማማው ያመለከተው የሞተር ብልሽት ነበር። በሁለቱ አውሮፕላኖች ከነበሩት 3 ሰዎች አንዳቸውም አልተጎዱም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ምክንያት የሲረሷ አብራሪ መስመሩን አለመጠበቁ ነው ሲል፣ ለሌላው አብራሪ መረጃ አለመሰጠቱን ከአባባሽ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል።

ይህ ግጭት ስለ ሆነ ተመረመረ። ጥቂት ሜትር ተራርቀው ቢተላለፉ ኖሮ ግን ያው ጉድለት በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ሌላ ዓይነት አደጋ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ወደ ዋሽንግተን ደለስ ሲቃረብ የነበረ የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 727 ከተራራ ጋር ተላትሞ 92 ሰዎች አለቁ። ከዚያ 6 ሳምንት ያህል አስቀድሞ የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች የመቃረቢያ ፈቃዱን በዚያው ዓይነት ተረድተው ከዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፈው ነበር። ወሬው ግን ከመሥሪያ ቤታቸው አልወጣም። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1976 በናሳ የሚካሄድ የደኅንነት ሪፖርት አሠራር ተቋቋመ፤ የሪፖርት አቅራቢው ማንነት ይሰወራል፤ ሳያስብ ለፈጸመውና በ10 ቀን ውስጥ ላሳወቀው ስሕተትም፣ ወንጀል ወይም አደጋ እስካልሆነ ድረስ፣ በተወሰነ ደረጃ ከቅጣት ይጠበቃል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታውን የተናገረ የሚቀጣ ከሆነ ግን መደበቁ አያስገርምም። ሆን ብሎ ደንብ የጣሰ ይጠየቅ፤ በቅን ልቡና ተሳስቶ የተናገረ ግን ሊደመጥ ይገባዋል። ሌላውን አይቶ የነበረ አብራሪ ከዓይኑ ሲሰወርበት ወዲያው «አላየሁም» ይበል፤ ተቆጣጣሪም ለአንዱ የነገረውን ለሁለተኛውም ይንገር። ለጥቂት ያመለጡም፣ ያመለጡበትን ሰዓት፣ ከፍታና የተነገራቸውን ቃል በዚያው ዕለት ይጻፉ። ነገ በዚያው መስመር የሚበረው ሌላ ሰው ነውና።