ስማችሁን አታበድሩ

እህቶቼ፣ ያለቻችሁን አንዲት የእረፍት ቀን ይዛችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ስም ነው።

እኔም ዱባይ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ኮንትራቴን ስጨርስ አንድ መሥሪያ ቤት ለገንዘብ ተቀባይነት ፈለገኝ። ቃለ መጠይቁን አለፍኩ። ከዚያ ከፖሊስ የመልካም ምግባር ወረቀትና የብድር ታሪኬን ጠየቁኝ። ብድር ወስጄ ስለማላውቅ ደስ እያለኝ ፈቅጄ ፈረምኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ "አልተቻለም" አሉኝ።

ለካ ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የአገሬ ልጅ "በአንቺ መታወቂያ ይሁንልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ" ብላኝ፣ ሱቅ አብሬያት ሄጄ በየወሩ የሚከፈል የስልክ ውል ፈርሜላት ነበር። እሷ አገር ቤት ገባች፤ ዕዳው በእኔ ስም ቀረ።

"የስልክ ዕዳ ከሥራው ጋር ምን አገናኘው?" ብዬ አለቀስኩ። በኋላ ግን ገባኝ። ካዝና፣ ቁልፍ ወይም የደንበኛ ሰነድ የሚያስረክብ ቀጣሪ፣ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው በገንዘብ ሊፈተን፣ ወይም ሌላ ሰው በጉቦ ሊያታልለው ይችላል ብሎ ይሰጋል። ቃሉን ጠብቆ የሚከፍል መሆኑንም ከመዝገቡ ያያል። ይህ ማለት ዕዳ ያለበት ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱ እናታችሁ ታማ እንደተበደራችሁ ወይም ደመወዝ እንደተከለከላችሁ አይናገርም። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ።

መዝገቡ የሚያዘው በኤምሬትስ አል ኢቲሃድ ክሬዲት ቢሮ፣ በሳዑዲ ደግሞ ሲማህ በሚባሉት ዘንድ ነው። የባንክ ብድር ብቻ ሳይሆን የስልክ ሂሳብም ይገባበታል። ለደላላ ወይም ለዘመድ ያለባችሁ ዕዳ እዚያ አይጻፍም። ሰው ቤት ስትሠሩ ይህን የሚጠይቃችሁ ብዙም የለም፤ ወደ ባንክ፣ ወደ ጥበቃ ወይም ወደ ሂሳብ ሥራ ስትሻገሩ ግን ይመጣል። አበዳሪው ፍርድ ቤት ከሄደም ኤርፖርት ላይ የጉዞ እገዳ ሊያስቆማችሁ ይችላል።

እንግዲህ እነዚህን ያዙ፦

መታወቂያችሁን ለሲም ካርድም ሆነ ለስልክ ግዢ ለማንም አታውሱ፤ ለጓደኛም ቢሆን።

ያልገባችሁን የዐረብኛ ወረቀት አትፈርሙ።

አገር ቤት ከመግባታችሁ በፊት የስልክ መስመራችሁንና የባንክ ሂሳባችሁን አዘጉ፤ የተዘጋበትን ወረቀት ተቀበሉ።

ዕዳ ካለባችሁ አትሽሹ። አበዳሪው ጋ ሄዳችሁ በምትችሉት መጠን በየወሩ ለመክፈል ተነጋገሩ፤ ደረሰኙን ሁሉ አስቀምጡ።

መዝገባችሁን ራሳችሁ ጠይቃችሁ እዩት፤ የእናንተ ያልሆነ ነገር ካለ እንዲታረም አመልክቱ።

እኔ ዕዳውን ከምግቤ እየቀነስኩ አሥራ አንድ ወር ከፈልኩ። "ተከፍሏል" የሚለውን ወረቀት የተቀበልኩ ቀን ሸክም የወረደልኝ ያህል ነበር። ያ ሥራ ግን ተመልሶ አልመጣም። በዚያች ልጅ አልፈርድም፤ የፈረመው የእኔ እጅ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። ስማችሁን ለሰው የሰጣችሁ ካላችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም። ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ፤ ወረቀቱን አምጡና አብረን እንየው።