ሀገርህን በእግርህ እወቃት
(ለሞጣ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እግር ጉዞ ነው። ሳቅ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። «እኛ የገበሬ ልጆች ነን፤ መራመድ ማን ሊያስተምረን ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አባቶቻችን በእግር ጉዞ አይታሙም። ጎጃም የቅኔ ሀገር የሆነውም በእግር ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ እያለ ከመምህር ወደ መምህር ሲጓዝ ነው ሊቅ የወጣው።

እኛስ? ከሰፈር ሰፈር ባጃጅ እንጠብቃለን። የቀረውን ሰዓት ስልክ ላይ አቀርቅረን እንውላለን። የሰባራ ድልድይን ፎቶ ስናይ «የአባቶቻችን አሻራ!» ብለን እናጋራለን። እስቲ እጃችሁን አውጡ፣ ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል?

ይህ ድልድይ ዓባይ ላይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኛል። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ተብሎ መሃሉ ተሰበረ፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተሳበ ነበር የሚሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህንን የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ዝም ብሎ ገጹን አልገለጠም። የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሞ መጣ፤ ድልድዩም ተጠገነ። ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በፎቶ አይቶ እዚህ ድረስ ከመጣ፣ እኛ ጎረቤቶቹ በፎቶ ብቻ ልንቀር ነው?

የጤናውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ጂም አያስፈልግም፣ ገንዘብ አያስፈልግም። ለልብ፣ ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ ይጠቅማል። ስልክ ላይ ስትናደድ የዋልከው ንዴትም መንገድ ላይ ይበርዳል። የበረደ ራስ ደግሞ ደህና ነገር ያስባል።

እኔ ግን አብልጬ የምለምናችሁ ቀስ ብላችሁ እንድትሄዱ ነው። የሚሮጥ ሰው ሰላምታ አይሰጥም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን «እንዴት ዋሉ አባባ?» ይላል፤ ቆም ይላል፤ ይጠይቃል። የዚያች ጅረት ስም ማን ነው? ያ ጉብታ ለምን እንዲህ ተባለ? ይህ ዛፍ ለምን መድኃኒት ነው? ይህንን የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን ናቸው። ዛሬ ካልጠየቅናቸው ስሙም ታሪኩም አብሯቸው ይቀበራል። ስሙን የማናውቀውን መሬት «ሀገሬ» ብንል አፋችን ብቻ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በትንሹ ጀምሩ፤ ዛሬ ከቤት እስከ ከተማው ዳር። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ታናናሾቻችሁን አስከትሉ፤ እህቶቻችሁም ይምጡ። ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ ሙቀቱ ቀላል አይደለም፤ በጠዋት ተነሱ፣ ውኃ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ጀግንነት አያስፈልግም፤ በሰፈራችሁ በቀን ብርሃን ተመላለሱ። ዋናው ሳያቋርጡ መሄዱ ነው።

በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ ከሽማግሌ የሰማችሁትን የአንድ ጅረት ወይም የአንድ ጉብታ ስም ከነታሪኩ ይዛችሁ ኑ። እንጽፈዋለን።

በሉ ተነሱ፣ መንገዱ ይቅናችሁ!