ፊደል አሳታሚው አቶ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



ወደ መዋጮውና ወደ ቅጣቱ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድትሰጡን እንለምናለን። እንደሚታወቀው በዚህ መድረክ የምናስታውሰው ከመካከላችን የተለዩትን ነው። ዛሬ ግን የዕድራችን አባል ያልነበሩ፣ ድንኳናችን ያልተተከለላቸው፣ ነገር ግን በየቤታችን ገብተው የኖሩ አንድ ሰው እናነሣለን። እኚህም ሰው አቶ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ናቸው።

ሰውየውን ሳናውቃቸው ስማቸውን ያወቅን ብዙዎች ነን። ለምን ቢሉ፣ የተማርንበት ፊደል ላይ ታትሞ ስለነበረ ነው። ልጅ ሆነን ከሀ እስከ ፐ ከቆጠርን በኋላ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ ለማንበብ ስንታገል ያን ስም እናገኛለን። «ዘብሔረ ቡልጋ» የሚለው የአያታቸው ስም የሚመስለው ልጅ ብዙ ነበር። ትርጉሙ የቡልጋ አገር ሰው ማለት እንደሆነ የገባን ካደግን በኋላ ነው። ቡልጋ በሰሜን ሸዋ ያለ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የትውልድ አገር ነው። አቶ ተስፋም አገራቸውን ከስማቸው ሳይለዩ ኖሩ። አዲስ አበባ ገብቶ አገሩን የሚደብቅ ስንት ሰው አይተናል፤ እሳቸው ግን አሳትመው በመላው ኢትዮጵያ በተኑት።

ሥራቸው ምን ነበር ቢባል፣ ፊደል አሳትሞ መሸጥ ነው። ነገሩ እንዲህ ሲሉት ቀላል ይመስላል። እስቲ ከዚያ በፊት የነበረውን እናስብ። ድሮ ፊደል የሚገኘው ከብራና ነበር። ፍየሉ ወይም በጉ ታርዶ ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይደርቃል። ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፣ መቃው ይቀረጻል። ከዚያ ጸሐፊው አንድ በአንድ ይጽፋል። ዳዊት ለማስጻፍማ ገንዘብም ዕድሜም ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ያለው ቤተ ክርስቲያንና ባለጸጋ እንጂ ድኻ አልነበረም። በየኔታ ፊት ሃያ ሠላሳ ልጅ ተቀምጦ ያለችውን አንዲት ገበታ እየተቀባበለ ይማር ነበር።

ማተሚያ ወደ አገራችን ሲመጣ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ታዲያ ማሽን መጣ ማለት ፊደል ድኻ ቤት ገባ ማለት አይደለም። በማሽኑና በድኻው መካከል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚገዛ፣ አሳትሞ የሚያወጣ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እስከ ገበያና እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚያደርስ ማለታችን ነው። አቶ ተስፋ የቆሙት እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከፊደል ገበታ የተነሣው ሥራቸው በስማቸው የሚጠራ ተስፋ ማተሚያ ቤት እስከመሆን ደረሰ።

በዚያች ወረቀት ላይ ያለው ምንድን ነው? ወጣቶች ስላላችሁ ትንሽ እናስረዳ። በመጀመሪያ ሀሁ አለ። የግዕዙ ፊደል 26 ነው። አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሚባሉትን 7 ጨምሮ 33 አደረሰው። እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ስለሆነ 231 ሆሄ ይሆናል፤ ዲቃላዎቹንና ቁጥሩን ሳንጨምር ማለት ነው። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። አቡጊዳ ማለት ፊደሉን ማደባለቅ ነው፤ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ እያለ ይሄዳል። ይህ የተደረገው በምክንያት ነው። ሀሁን በዜማ ሸምድዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ተማርኩ» የሚል ልጅ አቡጊዳ ላይ ይያዛል። የኔታ በስንጥር ጠቁመው «ይህ ማነው?» ሲሉ ዜማው አያድንም፣ ፊደሉን ማወቅ ግድ ነው። እንግዲህ ያን ዘዴ ያወጡ አባቶች ስለ ማስተማር ስንት ነገር ያውቁ እንደነበር ተመልከቱ።

ከዚያ የዮሐንስ መልእክት ይቀጥላል፤ እየቆጠሩ፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ። ከዚያም ዳዊት። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፣ ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ስለሚባል 15 ንጉሥ ይሆናል። ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰብ ይደግሳል፣ የኔታ ይሸለማሉ። ለምን ይሄን ሁሉ እናወራለን? አቶ ተስፋ ያተሙት ፊደሉን ብቻ ስላልሆነ ነው። ልጁ ፊደሉን ጨርሶ ዳዊት ሲደርስ፣ ዳዊቱም የተስፋ ማተሚያ ቤት ሆኖ ያገኘዋል። ውዳሴ ማርያሙም፣ ተአምረ ማርያሙም፣ ድርሳነ ሚካኤሉም እንዲሁ። ዛሬም የእናቶቻችንን ትራስ ብታነሡ ከሥሩ የምታገኙት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ከዚያ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል። በየንግሡ በዓል ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጆንያ አንጥፎ ፊደልና ዳዊት የሚሸጠው ነጋዴም ልጆቹን ያሳደገው በዚህ ነው። ሻማው፣ ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ፊደሉ አንድ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ገና በሩቁ በዓል በዓል ይላሉ።

እዚህ ላይ ስለ ንግዱ አንድ ነገር ለማለት እንወዳለን፤ በመካከላችን ባለሱቁም፣ ባለወፍጮውም፣ ባለዳቦ ቤቱም፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣውም አለና። እግዚአብሔርን የሚፈራ ነጋዴ ማለት በበዓል ቀን ሱቁን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ብቻ ነው የሚመስለን። መሳሙ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሃይማኖቱ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ስኳር ነጋዴ ሚዛን ቢያጎድል አንድ ቤት ይጎዳል። ፊደል አታሚ አንዲት ሆሄ ቢያሳስት ግን በዚያች ወረቀት የተማረ ልጅ ሁሉ ይሳሳታል፣ ልጁም አድጎ ልጁን ያሳስታል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በየቦታቸው መቀመጥ አለባቸው። ንጉሡ ሠ ከእሳቱ ሰ ጋር፣ ጸሎቱ ጸ ከፀሐዩ ፀ ጋር ሊምታታ አይገባም። ማንም ገዢ ገልጦ አይመረምርም፣ ማንበብ የማይችል አባት ነው ለልጁ የሚገዛው። ዕቃውን ፈትሾ ሊመልስ ለማይችል ሰው ደኅናውን ዕቃ መሸጥ፣ በእኛ አስተያየት ከዚህ የበለጠ የእምነት ሥራ የለም።

የቤተሰቡም ነገር ከዚህ አይለይም። ከጉራጌም፣ ከመንዝም፣ ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከወላይታም መጥተን እዚህ የተሰበሰብን ሰዎች አባቶቻችን አብዛኞቹ አልተማሩም። ሆኖም ገበያ ውለው ሲመለሱ ከጨውና ከጋዝ ጋር ያቺን ወረቀት ይዘው ይገቡ ነበር። ወረቀቷ በካርቶን ላይ በሊጥ ትለጠፋለች፣ ጫፏ ተበስቶ በገመድ ትንጠለጠላለች። ትልቁ ልጅ ሲጨርስ ለታናሹ ያወርሳል። በመጨረሻ ሀሁ ያለበት ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሮ አይነበብም፤ ያ ደግሞ ግድ የለም፣ እዚያ ያለውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። አንዲት ወረቀት አራትና አምስት ልጅ ታስተምር ነበር። እንግዲህ የአንድ ሰው ንግድ የስንቱን ቤተሰብ ልጅ እንዳሳደገ ቁጠሩት።

ይህን ስንል መንግሥት ያደረገውን መዘንጋት የለብንም። ከአብዮቱ በፊት በአገራችን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ ዐሥር አይሞላም ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፣ በ15 ቋንቋዎችም ተማረ። ዘመቻው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል። ከእናቶቻችን መካከል በየቀበሌው ማታ ማታ እየሄዱ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ አሉ፤ ዛሬም በማኅበራችን መዝገብ ላይ በጣት ሳይሆን በፊርማ የሚፈርሙት እነሱ ናቸው። በዘመቻው ላይ ብዙ የሚባል ነገር ቢኖርም እሱን ለሌሎች እንተወው። ልንል የፈለግነው፣ አገር በነጋሪት ስለ መሃይምነት ከመነሣቱ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ባለእምነት ነጋዴ ይኸንኑ ሥራ በወረቀት ብቻ ይሠሩት እንደነበር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ሰፈራችን ዓለም ባንክ የተባለው ቤት ለሌለው ሕዝብ ቤት እንዲሠራ የዓለም ባንክ ገንዘብ ስላበደረ ነው። ስማችን ራሱ የብድር ስም ነው፣ ስቀን እናልፋለን። ያኔ ጭቃውና ጅቡ የሚታወስ ነው። ዛሬ አስፋልቱም፣ ፎቁም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም በዝቷል። ነገር ግን የኮሚቴ አባሎቻችን ለቅሶ ሲደርሱ በየቤቱ የሚሰሙት አንድ እሮሮ አለ። «ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አማርኛ ማንበብ አልቻለም» የሚል ነው። እንግሊዝኛውን በዜማ ይለዋል፣ ስልኩን ከእኛ በላይ ይነካካል፣ «በለ» ን ከ«ሰለ» ለይ ሲባል ግን ጣሪያ ያያል። ጥፋቱ የማን ነው ብለን ጣት መጠቆም አንፈልግም። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር ለእያንዳንዱ ልጅ በስንጥር ሊጠቁምለት አይችልም።

ይህን ያነሣነው ከድንኳን ማስቀመጫው አጠገብ ባለችው ክፍል ምክንያት ነው። እንደምታውቁት ክፍሏ ባዶ ናት፣ ሁለትም ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ለሱቅ ትከራይና ኪራዩ ለቀብር ማስፈጸሚያ ይዋል የሚል ነው። ይህን የሚሉት አባሎች ከእውነት አልራቁም፤ የሳጥኑም፣ የመኪናውም፣ የንፍሮውም ዋጋ ምን ያህል እንደወጣ ሒሳብ ያዡ ያውቀዋል። መዋጮ መጨመርም ለጡረተኛው ይከብዳል። ሁለተኛው ሐሳብ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆች ፊደል ይቁጠሩባት የሚል ነው። እኛ ሁለተኛውን እንደግፋለን። ዕድር የሞተውን በክብር ለመሸኘት ነው የተቋቋመው፣ ልክ ነው። ሆኖም የዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት የዕድራችንን መዝገብ የሚይዘው ከእነዚህ ልጆች አንዱ መሆኑን አትርሱ። ማንበብ የማይችል ጸሐፊ ልትመርጡ ነው?

አንዳንድ አባሎች ደግሞ «የአቶ ተስፋ ፊደል የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማኅበራችን ግን የሁሉም ነው» ብለዋል። ጥሩ ብለዋል፣ በግልጽ መነገር ያለበት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም፣ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮችም እኩል መዋጮ ከፍለው እኩል ያለቅሳሉ። ስለዚህ በዚያች ክፍል የሚሰጠው ሀሁና አቡጊዳ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ዳዊቱንም ሆነ ቁርኣኑን፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሃይማኖቱ ቦታ ያስተምር። 231ዱ ሆሄ የሃይማኖት ልዩነት የለውም። ሐጂ ለልጁ ደብዳቤ ሲጽፍም በዚሁ ነው፣ ቄሱም የቤት ግብሩን ደረሰኝ የሚያነበው በዚሁ ነው።

የአስተማሪውን ጉዳይ በተመለከተ፣ ከአባላችን መካከል ሁለት ጡረታ የወጡ መምህራን በነጻ ለማገልገል ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸውልናል። ስማቸውን አትጥሩ ስላሉን አንጠራም። ወንበር የለንም፤ ግን የለቅሶ አግዳሚዎቻችን ለቅሶ በሌለበት ቅዳሜ ሥራ ፈትተው ነው የሚውሉት። ለቅሶ ያለ ቀን ልጆቹ ይቀራሉ፣ ይህ መቼም የታወቀ ነው። ለግድግዳው ኖራ፣ ለሰሌዳና ለጠመኔ የሚያስፈልገውን ወጪ ሒሳብ ያዡ አስልተው በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል፤ አይታችሁ የበዛ ከመሰላችሁ ተናገሩ።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። ክፍሏ ትከራይ የሚለውም፣ ፊደል ይቆጠርባት የሚለውም እኩል ይናገራል፣ በብዙኃኑ ድምፅ ያልቃል። ባል ወይም ሚስት ተወክሎ ድምፅ መስጠት ይችላል፣ ልጅን መላክ ግን አይፈቀድም። ልጃቸውን ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ወላጆች ከአሁኑ የልጁን ስምና ዕድሜ ለኮሚቴው ይንገሩ፤ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ካላወቅን ክፍሏ መብቃቷንም አናውቅም።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለን። ከእናንተ መካከል በሣጥን ውስጥም ይሁን በቆጥ ላይ የቆየ የአቶ ተስፋ ፊደል ያለው ቢኖር ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዞልን ይምጣ። የተቀደደም፣ ጥጉ የጠቆረም ቢሆን ግድ የለም፤ አይተን፣ ለልጆቹም አሳይተን ለባለቤቱ እንመልሳለን።

አሁን ወደ መዋጮው እንለፍ።