ተቀባይ የሌለው ዘፈን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ፣ በሙዚቃና በድራማ ክበብ ስብሰባ ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

የክበባችን ኃላፊ «ስለምትወደው ሙዚቃ ጥቂት ቃል ትናገራለህ» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ ደስታና ፍርሃት በአንድነት ያዙኝ። ደስታው ሙዚቃ ስለምወድ ነው። ፍርሃቱ ግን የወደድሁት ሙዚቃ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ዕድሜውም ከአባቴ ዕድሜ የሚበልጥ በመሆኑ፣ «ይህን ልጅ ምን ነካው?» እንዳልባል ነው። የሆነ ሆኖ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬን አስቀድሜ አቀርባለሁ። የምጠራቸው ዓመታት፣ በተለይ «በኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። አንድ መምህራችን ከትምህርት በኋላ ለክበቡ አባሎች አንድ አልበም አሰሙን። ዶንና ፊል ኤቨርሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ1958 ያስቀረጹት ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አባታችን ያስተማሩን ዘፈኖች» ማለት ይሆናል። አባታቸው አይክ ኤቨርሊ በኬንታኪ አገር በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሠሩ፣ ኋላም ጊታራቸውን ይዘው ከነቤተ ሰባቸው በአይዎዋ በሬዲዮ ይዘፍኑ የነበሩ ሰው ናቸው። አልበሙ በተቀረጸ ጊዜ ታላቁ ልጅ 21፣ ታናሹ 19 ዓመቱ ነበር። በዚያን ወራት የወጣቶች ዘፈን ዘፍነው ስማቸው በዓለም ሁሉ የገነነ ስለ ነበር፣ ሌላ የጭፈራ ሸክላ ሲጠበቅባቸው እነርሱ ግን የአባታቸውን የገጠር ዘፈኖች 12 መርጠው፣ ከጊታርና ከባስ በቀር ሌላ መሣሪያ ሳይጨምሩ አወጡ። አንዱ ዘፈን ስለ እስረኛ ነው፤ አንዱ ስለሚሞት ሕፃን፤ አንዱም ፀጉራቸው ስለ ሸበተ አባት።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ቀን ሣቅን። አንዱ ጓደኛችን «የለቅሶ ቤት ነው እንዴ?» አለ። በሁለተኛው ቀን ሣቁ ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ መምህሩን ለምኜ ወደ ስልኬ አስገለበጥሁት።

የወደድሁት ስለ ምንድን ነው? ብዙ አሰብሁበት። ቃሉን ሁሉ አልሰማሁም፤ እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። የያዘኝ የሁለቱ ድምፅ ነው። ዶን ዜማውን ይዞ ከታች ይሄዳል፤ ፊል ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ያንኑ ቃል በዚያው ቅጽበት ይላል። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይጀምራሉ፤ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳሉ። እንደዚህ ያሉ ዘፋኞች በዱሮው ጊዜ በአንድ ማይክሮፎን ፊት ጎን ለጎን ይቆሙ ስለ ነበር፣ አንደኛው ከሌላው በልጦ ልጩህ ቢል ዘፈኑ ይበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ እየዘፈነ ሌላውን ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። ብቻውን የሚዘፍን ሰው ስንሰማ የምንሰማው ድምፁን ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲዘፍኑ ግን አንዱ ሌላውን ሲሰማ እንሰማለን።

እነዚህ እንደዚህ የተስማሙ ወንድማማቾች በኑሯቸው አልተስማሙም። በ1973 በካሊፎርንያ በአንድ መድረክ ላይ ሳሉ ታናሹ ጊታሩን ሰብሮ ወጣ፤ አሥር ዓመት ያህልም ተለያዩ። በ1983 ለንደን በሚገኘው በሮያል አልበርት አዳራሽ እንደ ገና አብረው ዘፈኑ። ፊል በ2014፣ ዶን በ2021 ዐረፉ። ይህን ካወቅሁ በኋላ አልበሙን ስሰማ ነገሩ ከበደኝ፤ ሁለት ሰዎች በቤታቸው ያላገኙትን ስምምነት በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ያገኙት ነበር ማለት ነው።

የዚህ ዓይነት የሁለት ሰው አልበም በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ብዙ ነው። ጆኒ ካሽና ጁን ካርተር በ1967፣ ፖርተር ዋጎነርና ዶሊ ፓርተን በ1968 አውጥተዋል። በ2007 ሮበርት ፕላንት የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ዘፋኝና አሊሰን ክራውስ ያወጡት አልበም ከሁለት ዓመት በኋላ የግራሚን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ሁሉንም ግን አልወደድሁም። ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን በ1983 የዘፈኑት፣ በየአውቶቡሱ የምንሰማው፣ ለኔ ስኳር እንደ በዛበት ሻይ ነው። አጎቴ ሹፌር በመሆኑና ይህን ዘፈን እጅግ በመውደዱ እዚህ ከተቀመጠ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አሁን «የራሳችን የሁለት ሰው ዘፈን የለንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አለን እንጂ! ነገር ግን አሠራሩ ልዩ ነው። የኛ ዘፋኞች፣ ድምፅን በድምፅ ላይ ደራርበው ከሚዘፍኑት እንደ ጋሞ ደጋ ዶርዜዎች ካሉት በቀር፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዜማ ባንድ ጊዜ አያወጡም፤ ይቀባበላሉ። አንዱ አውራጅ ነው፤ ሌላው ተቀባይ። አዝማሪው መሰንቆውን ሲመታ ሚስቱ ግጥሙን ታወርዳለች፤ እርሱ ይመልስላታል፤ ይነካካታል፤ እርሷም አትተወውም። በሸክላ ዘመንም እንዲሁ ነበር። አምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ በብርቱ የሚፈለጉ ሆነዋል።

በኔ አስተያየት ልዩነቱ ይህ ነው። የኤቨርሊ ወንድማማቾች ዘፈን ስምምነት ነው፤ የኛ ቅብብሎሽ ክርክር ነው። በነርሱ ዘፈን ሁለቱ አንድ ነገር ይላሉ። በኛ ዘፈን አንዱ «እንዲህ ነው» ሲል ሌላው «አይደለም» ይላል፤ ሰሚውም በመካከል ተቀምጦ ዳኛ ይሆናል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ቀኑን ተከትሎ ሐሳቤ ይለዋወጣል።

በወለጋ ሠርግ ላይ የነበረ ሰው ይህን ክርክር በሚገባ ያውቀዋል። ሙሽራውን አጅበው የመጡት ወንዶች ደጅ ሲደርሱ የሙሽራዪቱ ወገን ልጃገረዶች በዘፈን ይሰድቧቸዋል፤ በኦሮምኛ «አረብሶ» የሚባለው ነው። ጫማቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ የመጡበትን መንደር ሳይቀር ያነሡባቸዋል። ወንዶቹም በዜማ ይመልሳሉ። ያልመለሰ ተሸነፈ ይባላል። በዚህ ቀን የተሰደበ ሰው አይቀየምም፤ ይልቁንም ማንም ሳይሰድበው ያመሸ እንደሆነ «አላዩኝም ማለት ነው» ብሎ ያዝናል።

እዚህ ላይ የከተማችን የነቀምት ታላላቆች የሆኑትን ሁለት ሰዎች ሳላነሣ ባልፍ እወቀሳለሁ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ፣ ነፃ ከወጡም በኋላ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት የተገናኙ ናቸው። አስቴር በቃሏ የምታውቃቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ጻፈች። በ1894 የሁለቱ ሥራ የሆነው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በግእዝ ፊደል እዚያው ታተመ። አምስት ዓመት ቆይቶ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ወጣ። በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምት መጡ፤ ኦነሲሞስ በ1931፣ አስቴር በ1964 ዐረፉ። ከአገሯ ርቃ የነበረች አንዲት ልጅ በቃሏ ይዛ ባትቆይ ኖሮ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር።

እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ «እኔስ ለምን የአያቴን ዘፈን አልሰበስብም?» አልሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋና ነገር ይህ ነው፤ እጅግም የሚያስመሰግነኝ አይደለም።

አያቴ፣ እኛ ቤት «አኮ» እንላቸዋለን፣ የሚኖሩት በኡኬ አጠገብ ነው። ለማታውቁት እንግዶቻችን፣ ኡኬ ከነቀምት ወደ ሰሜን፣ ወደ አንገር ጉትን በሚወስደው መንገድ ወደ ቆላው ሲወረድ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በገና ዕረፍት ሄጄ የልጃገረድነት ጊዜያቸውን የሠርግ ዘፈን እንዲዘፍኑልኝ ለመንኋቸው። «ድምፄ አርጅቷል» ብለው እንቢ አሉ፤ ኋላ ግን ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጀመሩ። ስልኬን አጠገባቸው አኖርሁ።

አንድ ስንኝ ዘፍነው ዝም አሉ። የረሱ መሰለኝ። እጃቸው ግን ጉልበታቸውን ይመታል፤ ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። ያ የዝምታ ጊዜ ሲያበቃ ሁለተኛውን ስንኝ አነሡ፤ ዳግመኛ ዝም አሉ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ። አውራጅ ነበሩና ተቀባይዋን መጠበቃቸው ነው። ተቀባይዋ የልጅነት ጓደኛቸው ነበሩ፤ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

እኔ ግን ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። ወደ ከተማ ተመልሼ ቀረጻውን በስልኬ አስተካከልሁ፤ ዝምታውን ሁሉ እየቈረጥሁ ጣልሁት። አራት ደቂቃ የነበረው ወደ ሁለት ወረደ። ቦታ እንዳይዝብኝ ብዬም ዋናውን አጠፋሁት። በክበባችን ባሰማሁ ጊዜ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ፤ ታስታውሳላችሁ። እኔም ኮራሁ።

ለፋሲካ ስወርድ ለአኮ አሰማኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይቺ ሴትዮ ማናት?» አሉ። «እርስዎ ነዎት እንጂ!» አልኋቸው። «እኔ አይደለሁም። እኔ እንደ እብድ ለብቻዬ አልለፈልፍም። የርሷን ቦታ የት አደረግኸው?» አሉኝ። ምን ልመልስ? መሬት መሬት አየሁ።

ያን ቀን ማታ ጎረቤታችን እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡ። እትዬ በኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም.፣ በድርቁ ጊዜ፣ ከወሎ ወደ ወለጋ ከመጡት ሰፋሪዎች ወገን ናቸው፤ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነው የመጡት። አኮ ጥፋቴን ነገሩባቸው፤ ሁለቱም እስኪበቃቸው ሣቁብኝ። ከዚያ በኋላ አኮ የመጀመሪያውን ስንኝ እንደ ቀልድ አነሡት። እትዬ ስኒውን አስቀምጠው ተቀበሉ።

አኮ ደነገጡ። «አንቺ ይህን ከማን ሰማሽ?» አሉ። እትዬም «በየሠርጉ ጓዳ እንጀራ ስጋግርላችሁ ጆሮዬን የት አኖረው ኖሯል?» ብለው መለሱ። በኦሮምኛ ነው የተቀበሉት፤ ዜማውን ግን እንደ ባቲ እንደ አምባሰል እየሰበሩ፣ የወሎ ሰው እንደሚያደርገው ነው። አኮ አንድ ቃል ላይ አቋርጠው አረሟቸው፤ እትዬ «የለም፣ የሟቿ አባባል እንዲህ ነበር» ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ በእትዬ አሸናፊነት አለቀ። ይህን ጊዜ ስልኬ ክፍት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ ክበባችን ዘንድሮ ለሚያዘጋጀው የአገር ዘፈን ስብስብ አንድ ልመና አለኝ። ከናንተ መካከል አያቱን፣ አክስቱን ወይም የሠፈሩን ሽማግሌ የሚቀርጽ ሰው ቢኖር ተቀባዩንም ፈልጎ ያምጣ፤ ስሙንም ከአውራጁ ስም ጋር አብሮ ይጻፍ። ተቀባዩ በሕይወት ከሌለ ዝምታውን እንዳለ ይተወው፤ አይቍረጠው። ስልኩ የሞላበት ሰው ወደኔ ይምጣ፤ የክበቡ ኮምፒዩተር ቦታ አለው።

አሁን በመምህራችን ፈቃድ ቀረጻውን አሰማችኋለሁ። ርዝመቱ ስድስት ደቂቃ ነው። ክርክሩን አልቈረጥሁትም። በመካከል የሚጮኸው ዶሮ የእትዬ ነው።