ማጭዳችሁን ሳሉ

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ)

  በእርሻ ላይ ያላችሁም፣ ቡና እያፈላችሁ የምትሰሙም፣ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

የዛሬው ክፍላችን መክብብ 10፥10 ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ተመልከቱት። የቃሉ መልእክት ይህ ነው፦ የደነዘ ብረት ይዞ፣ ስለቱን ሳያወጣ የሚደክም ሰው ጉልበቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ጥበበኛ ግን አስቀድሞ ይስላል። ይህ ቃል የተጻፈው ለእኛ ለገበሬ ልጆች ይመስለኛል። ምክንያቱም ክረምቱ ሲያልፍ ወለጋን የሚያውቅ ሰው አረምን ያውቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም። በቆሎው ሲያድግ ሙጃውም አብሮ ያድጋል። የቡናው ሥር በቁጥቋጦ ይሸፈናል። የቤተ ክርስቲያን ግቢ እንኳ ሁለት ሳምንት ካልተነካ ሕፃን ይደብቃል።

ታዲያ ግቢው ሲያድግ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? “ማሽን የት እንከራይ?” እኮ ነው! በትከሻ የሚታነገት፣ በቤንዚን የሚሠራ፣ ድምፁ ሰፈሩን የሚያናውጥ ማጨጃ። ወገኖቼ፣ ማሽን ኃጢአት ነው አላልኩም። ሰፊ ሜዳ ላለው ሰው ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ቤንዚን ከሌለ ቆመ። ዘይቱ ካልተመጠነ ተበላሸ። ካንዴላው ከቆሸሸ አልነሣም አለ። ድንጋይ ካገኘ ወደ ዓይን ይወረውራል። ማጭድ ግን ምን ይፈልጋል? የእጅህን መጨበጥና የመሳያ ድንጋይ። አለቀ።

ወንጌልን ይዘው ወደ እኛ ከመጡት ሚሲዮናውያን ብዙዎቹ የስዊድን ሰዎች ነበሩ። በእነርሱ አገር ገበሬው ለብዙ መቶ ዓመታት ሣሩን ያጨደው ቆሞ በሁለት እጁ በሚያወዛውዘው፣ ባለ ረጅም እጀታ በሆነ ትልቅ ማጭድ ነው። ዛሬም ማሽን በሞላበት በአውሮፓና በአሜሪካ ወደዚያ ማጭድ የተመለሱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሲያጭዱ ብታዩአቸው በየጥቂት ደቂቃው ይቆማሉ። ደክሟቸው አይምሰላችሁ። በወገባቸው ከያዙት ዕቃ ውስጥ እርጥብ የመሳያ ድንጋይ አውጥተው ስለቱን ደግመው ይስላሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። የሚስልበት ጊዜ የባከነ ጊዜ አይደለም። ካልሳለ በጉልበቱ ይቀጠቅጣል እንጂ አያጭድም።

እስቲ ራሳችንን እንይ። ስንቶቻችን ነን በደነዘ ማጭድ የምንቀጠቅጠው? ጸሎት ካቆምን ወር ሆኖናል፤ አገልግሎቱ ግን አልቆመም። ቃሉን ለስብከት ካልሆነ አንገልጥም፤ ድምፃችን ግን ከፍ ብሏል። መዘምራኑ ይደክማሉ፣ ሽማግሌዎች ይደክማሉ፣ እናቶች በቤት ውስጥ ይደክማሉ። ችግሩ የጉልበት ማነስ ነው? አይደለም! ስለቱ ሄዷል። እኛ ግን ስለቱን በማውጣት ፈንታ ትልቅ ሞተር እንፈልጋለን። “ኮንፈረንሱ ይድረስ እንጂ ሁሉ ይስተካከላል፤ ያ የእግዚአብሔር ሰው ይምጣ እንጂ ቤቴ ነጻ ይወጣል” እንላለን። ኮንፈረንስ መልካም ነው፣ ጌታ ይጠቀምበታል። ነገር ግን ሦስት ቀን የጮኸ ሞተር ሲጠፋ፣ በአራተኛው ቀን በግቢህ ያለው አረም ይበቅላል። ያን ጊዜ በእጅህ ምን አለ?

በ1ኛ ሳሙኤል 13፥19-21 የሚያሳዝን ታሪክ አለ። በእስራኤል ምድር ሁሉ ብረት ሠሪ አልነበረም። ፍልስጥኤማውያን ሰይፍ እንዳይሠሩ ብለው ከልክለዋቸዋል። ስለዚህ እስራኤላዊው ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር፤ ደግሞም ይከፍል ነበር! አስቡት። የራሱ እርሻ፣ የራሱ ብረት፤ ስለቱ ግን በሌላ ሰው እጅ። ዛሬም ስለቱን በሌላ ሰው እጅ ያኖረ አማኝ አለ። ካልተደወለለት አይጸልይም። በስልኩ የሰማው ቃል ካልሆነ ከራሱ መጽሐፍ ቅዱስ አያገኝም። ወገኔ፣ በቤትህ የመሳያ ድንጋይ ይኑርህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በምድራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ቱምቱ የሚለውን፣ ለረጅም ዘመን ስንንቅ ኖረናል። ማጭዱን እንወስዳለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ይህ በመስቀሉ ፊት አይቆምም! በክርስቶስ የተናቀ እጅ የለም። የምትበሉት እንጀራ በእርሱ መዶሻ በኩል አልፎ ነው የመጣው።

ሁለተኛው ነገር ወቅት ነው። ማጭድ የያዘ ሰው ጊዜውን ማወቅ አለበት። ቅንጬ የምንለውን፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለውን አረም ታውቁታላችሁ። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ዛሬ በብዙ የአገራችን ክፍል መንገድ ዳርና እርሻ ወርሯል። ከብት ቢበላው ወተቱ ይመራል፤ ቆዳን ያሳክካል። አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ፍሬ ይሰጣል። እንግዲህ ይህን አረም አብቦ ፍሬ ከያዘ በኋላ በማሽን ብታጭደው ምን አደረግህ? ዘራኸው እንጂ አላጠፋኸውም። ከላይ ብቻ ብትቆርጠውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ እጅን ሸፍኖ ከሥሩ መንቀል ነው የሚሻለው። ሰርዶም እንደዚሁ ነው፤ ቆራርጠህ ከበተንኸው እያንዳንዱ ቁራጭ በእርጥብ አፈር ላይ ሥር ይሰዳል።

ኃጢአትም እንዲሁ ነው። ቂም ገና ለጋ ሳለ በአንድ “ይቅር በለኝ” ይነቀላል። ካበበ በኋላ ግን ለጎረቤት ይተርፋል፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ዕብራውያን 12፥15 ስለ መራራ ሥር የሚያስጠነቅቀን ብዙዎች በእርሱ እንዳይረክሱ ነው። በሐሜት ቆራርጠን የበተንነው ጠብ ሁሉ በየቤቱ ሥር ይሰዳል። በምሳሌ 24፥30-34 ያለውን የሰነፉን ሰው እርሻም አስቡ። እሾህ የሸፈነው በአንድ ሌሊት አልነበረም። ጥቂት እንቅልፍ፣ ጥቂት ነገ፣ ጥቂት ከነገ ወዲያ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ዓይን ነው። ማጭድ የያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያል። ይህ የበቆሎ ቡቃያ ነው፣ ይህ ሙጃ ነው ብሎ ይለያል። ሞተሩ ግን አይለይም፤ የቡና ችግኙንም ሣሩንም አብሮ ይጥላል። ይህን የምለው ለአገልጋዮች ነው፤ ራሴንም ጨምሬ። በማቴዎስ 13 ጌታ ስለ እንክርዳድ ያስተማረውን አስታውሱ። እንክርዳድን እናውቀዋለን፤ ከስንዴ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ያዞራል። እሸት እስኪያወጣ ድረስ ግን ከስንዴ አይለይም። ባሮቹ “ሄደን እንንቀለው?” ሲሉ ጌታው አልፈቀደም፤ ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ብሎ እስከ መከር ተዉት አለ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት አረም አለ ማለት ነው። በማርቆስ 4፥18-19 ያለው እሾህ፣ የኑሮ አሳብና የሀብት ምኞት ቃሉን የሚያንቁበት፣ በእኔ ልብ ውስጥ ነው ያለው። እርሱን በጌታ ጸጋ ዛሬውኑ ማጨድ የእኔ ሥራ ነው። በሰዎች መካከል ያለው እንክርዳድ ግን የመከሩ ጌታ ሥራ ነው። ኃጢአት በግልጥ ሲታይ ቃሉ እንደሚያዝዘው በፍቅር እንገሥጻለን። ነገር ግን “ይህ የእኛ ነው፣ ያ የእኛ አይደለም” እያልን ሞተር ይዘን በምእመናን መካከል ስንገባ የክርስቶስን ችግኝ እንቆርጣለን። ተገላብጦብናል እኮ! የራሳችንን እሾህ እስከ መከር ታገሥነው፤ የወንድማችንን ግን ዛሬ ካልነቀልን አልን።

ወገኖቼ፣ ይህን በዚህ ምድር ስናገር ልቤ ይከብዳል። ባለፉት ዓመታት በወለጋ ስንት ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ! ስንቱ ተመልሶ ሲያየው የአባቱ እርሻ ጫካ ሆኖ ጠበቀው! በኢሳይያስ 2፥4 ጌታ የሚያመጣውን ቀን ነቢዩ ሲያይ፣ ጦሩ ተቀጥቅጦ ማጭድ ሲሆን አየ። በኢዩኤል 3፥10 ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ ማጭዱ ጦር ይሆናል። ብረቱ ያው ነው። ልዩነቱ የያዘው እጅና የልቡ አሳብ ነው። የእግዚአብሔር ሕዝብ ሆይ፣ በእጃችን ያለው ብረት ማጭድ ሆኖ ይቅር! እርሻው ጫካ የሆነበትን ጎረቤታችሁን አስቡ። ደቦ ጥሩለት። ዳቦና ዳዶ የአባቶቻችን ሀብት አይደለም እንዴ? የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሃያ ሰው ሃያ ማጭድ ይዞ ቢወጣ በአንድ ቀን መሬቱ ይከፈታል። በማጨጃ ማሽን ሆድ ውስጥ ይህ የለም። ማሽን ጎን ለጎን ሆኖ የሚዘምር ጓደኛ አይሆንም። ቂም ይዞ የመጣ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር አንድ መስመር አጭዶ፣ ከአንድ ቅል ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ልቡ ይለሰልሳል።

“በትንሽ ማጭድ የት ይደረሳል?” የሚል ሰው ካለ፣ በነቀምቴ ያገለገለውን ኦኔሲሞስ ነሲብን ያስብ። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነው። ነጻ ከወጣ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ እርሷም በባርነት ያለፈችው አስቴር ጋኖ በቃላቱ ሥራ አገዘችው። በእጅ ጽፈው፣ ቃል በቃል፣ መስመር በመስመር። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ መጣ፤ እስከሚያርፍበት እስከ 1931 ድረስም አስተማረ። ያ ማጭድ ትንሽ ነበር፤ የተሳለ ግን ነበር፤ ከእጁም አልወረደም። እኛ ዛሬ የምንበላው ከዚያ አዝመራ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት፣ አንድ ምዕራፍ አንብባችሁ ተንበርከኩ፤ ይህ መሳል ነው። ገና ያላበበ ቂም ካለ ዛሬ ሂዱና ንቀሉት፤ ይህ ወቅቱን ማወቅ ነው። እርሻው የጠፋበትን አንድ ሰው ፈልጋችሁ ማጭድ ይዛችሁ ሂዱለት፤ ይህ ፍቅር ነው። ጌታን ገና ያልተቀበልህ ወንድሜ፣ ያልተቀበልሽ እኅቴ፣ የልባችሁ እርሻ ምንም ያህል ቢሸፈን ክርስቶስ አይጸየፈውም። የእሾህ አክሊል በራሱ ላይ የደፋው እኮ ስለ እኛ እሾህ ነው። ዛሬ ግባልኝ በሉት።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ደንዝዘናልና በቃልህና በመንፈስህ ሳለን። ሥር የሰደደውን መራራነት ከመካከላችን ንቀል። የተፈናቀሉትን ወደ እርሻቸው መልስ። በምድራችን ጦር ማጭድ ይሁን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን!