«ማድረግ ነበረበት»፦ ያለፈ ግዴታ በእንግሊዝኛ ትምህርታችን

(በዲላ ከተማ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል፤ ይኸውም ያለፈ ግዴታ በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚነገር ነው። ጠባብነቱን አልክድም። ይሁንና በዚህች ጠባብ በር ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ፣ ጥፋቱም ተሰውሮለት የሚያልፍ ሰው መኖሩን ያየሁት በራሴ ስሕተት ነውና ንግግሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚሁ በጌዴኦ ዞን ከሚገኙት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በአንዱ ስለተበላሸ ቡና የተጻፈ የአማርኛ ቃለ ጉባኤ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተጠየቅሁ። ጽሑፉ የሚላከው ቡናውን ለገዛው የውጭ አገር ነጋዴ ነበር። እንደምታውቁት እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ውስጥ ውስጡን መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይኮመጥጣል። ቃለ ጉባኤው «የማሽኑ ሠራተኛ ቡናውን በዚያው ምሽት መፈልፈል ነበረበት» ይላል። እኔም «ነበረበት» የሚለውን «ሃድ ቱ» ብዬ መለስሁት። ገዢው ይህን ሲያነብ ቡናው በዚያው ምሽት የተፈለፈለ መሰለው። መፈልፈሉ በጊዜው ከተፈጸመ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ የመጣ መሆን አለበት ተባለና ምርመራው ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ ሲያገላብጡ ወደ ነበሩት የቀን ሠራተኞች ዞረ። እነዚያ ሴቶች ከጥፋቱ አንዳች ድርሻ አልነበራቸውም። ጉባኤው ሊል የፈለገው «ሹድ ሃቭ» ነበር፤ መፈልፈል ይገባው ነበር፣ ነገር ግን አልፈለፈለም ማለት ነው። ስሕተቴን በሁለተኛ ደብዳቤ አረምሁ። ደብዳቤው እስኪደርስና እስኪታመን ድረስ ግን የሴቶቹ ክፍያ ታግዶ ቆየ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን የምጠይቀው፣ ስንት ዓመት ያስተማርሁትን ነገር እንዴት ልስተው ቻልሁ እያልሁ ነው። መልሱን ያገኘሁት በአማርኛችን ውስጥ ነው። «መሄድ ነበረብኝ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠቀለላሉ። አንደኛው «ግድ ሆነብኝና ሄድሁ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «መሄድ ሲገባኝ ቀረሁ» የሚለው ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሰሚው ከንግግሩ አካሄድና ከተናጋሪው ድምፅ ይለየዋል። «ትናንት ልጁ ስለታመመ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ» ብል ሄጃለሁ፤ «ምነው! ቀደም ብዬ መሄድ ነበረብኝ» ብል ግን ሳልሄድ ዘግይቻለሁ። አማርኛ ልዩነቱን ለመግለጽ አቅም አያንሰውም፤ «ለመሄድ ተገደድሁ» እና «መሄድ ይገባኝ ነበር» የሚሉ አነጋገሮች አሉት። ነገር ግን ተናጋሪውን እንዲለይ አያስገድደውም። እንግሊዝኛ ያስገድዳል።

እንግሊዝኛስ ይህን እንዴት ይለያል? የአሁኑን ግዴታ ለመናገር ተማሪው ቀድሞ የሚማረው «ማስት» የተባለውን ረዳት ግሥ ነው። «ማስት» ግን የራሱ የኀላፊ ጊዜ መልክ የለውም። ከዚህ የተነሣ ተማሪው አንዳንድ ጊዜ «ማስትድ» ብሎ የሌለ ቃል ይፈጥራል፤ አንዳንድ ጊዜም «ሃቭ» ጨምሮ «ማስት ሃቭ» ይላል። የሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ ሰዋስው ሳያፈርስ ትርጉም ይለውጣልና። «ሂ ማስት ሃቭ ጎን» ማለት «ሄዶ መሆን አለበት» ወይም «ሳይሄድ አይቀርም» ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ ግዴታ አይደለም። ቅድም እኔ ራሴ «ጥፋቱ ከዚያ በኋላ የመጣ መሆን አለበት» ብያለሁ፤ እንግሊዛዊውም በዚህ ስፍራ «ማስት ሃቭ» ይል ነበር። ሁለቱም ቋንቋዎች ግዴታንና ግምትን በአንድ ቃል መግለጻቸው ለአስተማሪ ጥሩ መንደርደሪያ ነው።

እንግዲህ ያለፈውን ግዴታ በሦስት መልክ እናገኘዋለን። «ሃድ ቱ» ግዴታው ነበረ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተፈጽሟል ይላል። «ሹድ ሃቭ» እና «ኦት ቱ ሃቭ» ነገሩ ይገባ ነበር፣ ግን አልተፈጸመም ይላሉ፤ ስለዚህም ወቀሳ ወይም ጸጸት ያዘሉ ናቸው። «ወዝ ሰፖዝድ ቱ» ደግሞ የታቀደውን ወይም የተጠበቀውን ይናገራል፤ ብዙውን ጊዜ አለመፈጸሙን ያመለክታል፣ ወቀሳው ግን ለዘብ ያለ ነው። በተጨማሪም «ማስት» በተዘዋዋሪ ንግግር ውስጥ ሳይለወጥ ሊቀር እንደሚችል፣ ማለትም «መሄድ እንዳለበት ተናገረ» ለማለት «ሂ ሴድ ሂ ማስት ጎ» ቢባል ስሕተት እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

«ማስት» ኀላፊ ጊዜ ያጣበትን ምክንያት የቋንቋው ታሪክ ይነግረናል። «ማስት» ራሱ በጥንት ጊዜ የሌላ ግሥ የኀላፊ ጊዜ መልክ ነበር። «ሹድ» የ«ሻል» ኀላፊ ጊዜ ነው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሻል» ማለት ዕዳ አለብኝ ማለት ነበር። «ኦት»ም እንዲሁ ዛሬ ዕዳ መኖርን ከሚገልጸው «ኦው» ከተባለው ግሥ የወጣ ነው። ያለፈውን ይናገሩ የነበሩት እነዚህ ቃላት በጊዜ ብዛት ወደ አሁኑ ጊዜ ስለተሸጋገሩ፣ ቋንቋው ለኀላፊው «ሃድ ቱ» የሚለውን መጠቀም ግድ ሆነበት።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአማርኛ «ሃምሳ ብር አለኝ» እና «ሃምሳ ብር አለብኝ» የሚለያዩት በአንዲት «ብ» ነው፤ የመጀመሪያው ሀብት፣ የሁለተኛው ዕዳ ነው። «መሄድ አለብኝ» የምንለውም በዚያችው የዕዳ «ብ» ነው። ግዴታን እንደ ዕዳ መቍጠር እንግሊዛውያንም እኛም የደረስንበት አስተሳሰብ ነውና፣ ይህን ለተማሪ ብንነግረው እነዚያ ደረቅ ረዳት ግሦች ሥጋ ይለብሱለታል።

በአሉታ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንድ ሠራተኛ ከዲላ ተነሥቶ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ እንበል። አለቃው «መሄድ አልነበረበትም» ብሎ ጻፈ። ይህ «ሹድንት ሃቭ ጎን» ከሆነ ሠራተኛው ጥፋተኛ ነው። «ኒድንት ሃቭ ጎን» ከሆነ ግን ድካሙ በከንቱ ቀረ እንጂ ጥፋት የለበትም። «ዲድንት ሃቭ ቱ ጎ» ከሆነ ደግሞ ግዴታ እንዳልነበረበት ብቻ እናውቃለን፤ መሄዱንና አለመሄዱን ቃሉ አይነግረንም። የውሎ አበሉን የሚከፍለው የሒሳብ ሠራተኛ ከሦስቱ የትኛውን እንዳነበበ ለተጓዡ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከገንዘብ የሚበልጥም አለ። አንድ ተማሪ ስለ ቤተ ሰቡ ታሪክ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ አዝዤው፣ «አያቴ ከቡናቸው ምርት ለባለ መሬቱ ማካፈል ነበረባቸው» ሊል ፈልጎ «ሹድ ሃቭ ጊቭን» ብሎ ጻፈ። «ሹድ» ማለት «ይገባል» ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። በዚህ አገር ጭሰኛው ምርቱን ለባለ መሬት የማካፈል ግዴታ ነበረበት፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች ካመፁባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ግዴታው የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። «ሃድ ቱ» ቢባል አያቱ ተገደው ሰጡ ማለት ነው። «ማስት ሃቭ» ቢባል የጸሓፊው ግምት ይሆናል። ልጁ በጻፈው በ«ሹድ ሃቭ» ግን አያቱ የሚገባውን ዕዳ የከለከሉ ሰው ሆነው ቀሩ። የልጅ ልጅ ሳያውቀው በአያቱ ላይ ፈረደ። በወረቀቱ ኅዳግ ላይ «የሰዋስው ስሕተት» ብሎ ማለፍ በቂ ሆኖ አልታየኝም፤ ልጁን ጠርቼ «አያትህ ሰጥተዋል ወይስ አልሰጡም? መስጠታቸውስ ይገባ ነበር ትላለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት አስቦ ወረቀቱን ወሰደና ራሱ አረመው።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ሐሳቤም ከዚህ የመነጨ ነው። እነዚህን ግሦች በሠንጠረዥ ከማስጠናታችን በፊት ተማሪው በአማርኛ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሁለት ጥያቄ እንዲመልስ እናድርግ፦ ነገሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ተናጋሪው የሆነውን እየነገረን ነው፣ እየወቀሰ ነው ወይስ እየገመተ? ቀጥሎም ዓረፍተ ነገሩን እንዲጨርስ እንጠይቀው። «ስለዚህም አደረገ» ብሎ ከጨረሰው «ሃድ ቱ» ይሆናል፤ «ግን አላደረገም» ካለ «ሹድ ሃቭ» ነው፤ «አደረገ መሰለኝ» ካለም «ማስት ሃቭ» ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለወሰነ፣ በጌዴኦ የምናስተምራቸው ብዙዎቹ ልጆች ወደ እንግሊዝኛ የሚደርሱት በጌዴኦፋና በአማርኛ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች በጌዴኦፋም እንዲመልሱ እንፍቀድላቸው። ሦስት ቋንቋ ያለው ልጅ የሚያወዳድርበት ሦስት ሚዛን አለው።

የማጠቢያ ጣቢያው ሴቶች ክፍያቸውን በመጨረሻ አግኝተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ነገሩን ስነግራት፣ «መምህር፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልጠየቅኸንም?» አለችኝ። በእውነትም መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን «ነበረብኝ» በየትኛው የእንግሊዝኛ መልክ እንደምትመልሱት ለእናንተ እተዋለሁ።