የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከአስፋልት ሲወርድ፦ ስለ ጉልበት፣ ስለ ክብደትና ስለ ዕድሜ



በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተብሏል። የተባለው ግን በአብዛኛው የከተማ ወሬ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው፣ የት ቻርጅ ይደረጋል የሚል። የውሃ መሐንዲሱ፣ የሥነ ምድር ተመራማሪው፣ የክትባት ቡድኑና የግብርና ባለሙያው የሚጠይቁት ሌላ ነው። እነርሱ የሚሄዱት በፒክአፕ ነው፤ መኪናው መንገድ ላይ ከቀረ ክትባቱም ይበላሻል፣ የወንዙ ልኬትም ለዓመት ያመልጣል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ከአስፋልት ሲወርድ ምን ያህል ይችላል? በየቀኑ ቢደበደብስ ምን ያህል ይቆያል?

ነገሩ ከምናስበው በላይ ዕድሜ አለው። የሰው ልጅ ያለ መንገድ ከነዳቸው ተሽከርካሪዎች ሁሉ ዝነኛው የኤሌክትሪክ ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ የነዱት ተሽከርካሪ ለእያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር ነበረው፤ የእያንዳንዱ ሞተር ጉልበትም የፈረስ ጉልበት ሩብ ብቻ ነበር። ጎማው ጎማ እንኳ አልነበረም፤ ከብረት ሽቦ የተሸመነ መረብ ነበር። የዚህን ተሽከርካሪ የአፈር ላይ ጠባይ ካጠኑት መካከል በፖላንድ የተወለደው መሐንዲስ ሚየቺስዋፍ ቤከር ይገኝበታል፤ የተሽከርካሪንና የአፈርን መስተጋብር ራሱን የቻለ ሳይንስ ያደረገው እርሱ ነው። ከዚያ ጉዞ አንድ ደንብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ጠፈርተኞቹ ከማረፊያ መንኮራኩራቸው የሚርቁት፣ ተሽከርካሪው ድንገት ቢቆም በእግራቸው ሊመለሱ እስከሚችሉበት ርቀት ድረስ ብቻ ነበር።

ወደ ዛሬው ስንመጣ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ለገዢዎች መድረስ የጀመረው ሪቪያን አር1ቲ በመጀመሪያው ቅርጹ ለአራቱ ጎማዎች አራት ሞተር ነበረው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከተነሣ በኋላ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቆሞ ሳለ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉ በእጁ ነው። ከጉልበቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ቁጥጥሩ ነው። በተለመደው መኪና አንድ ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ፍሬን ይይዝበታል፤ ይህ በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። በኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚለወጠው የኮረንቲ መጠን ነው፤ እርሱም በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ይለወጣል። በዚህ ላይ የአየሩን ነገር ጨምሩበት። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል፤ ተርቦ ያለውም ቢሆን ጥቂት ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስምና ደጋና ቆላ አይለይም።

ጉድለቱም እዚሁ አጠገብ አለ። ሃይሉክስን የመሰለ ፒክአፕ በአንደኛ ማርሽና በዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ ሲሆን የሞተሩን ጉልበት ከ40 ጊዜ በላይ ያበዛዋል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ፒክአፖች አንድ ማርሽ ብቻ አላቸው፤ እርሱም ጉልበቱን አሥር ጊዜ ገደማ ነው የሚያበዛው። የቀረውን ሞተሩ በኮረንቲ ይሸፍነዋል። መኪናው ድንጋይ ተደግፎ፣ ጎማው ሳይዞር ወይም እያዘገመ ሲታገል ግን ኮረንቲው በሞተሩ አንድ ክፍል ላይ ይከማቻል፤ ሙቀት ይወለዳል፤ ኮምፒውተሩም ዕቃውን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ሾፌሩ ይህን «ደከመ» ይለዋል፤ ልክ ነው። መርሴዲስ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኤሌክትሪክ ጂ-ክላስ ላይ ለአራቱም ሞተሮች ዝቅተኛ ማርሽ የጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ እርሱም ክብደት ነው። በናፍጣ የሚሄድ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ባዶውን 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አር1ቲ 3,200 ገደማ ነው። ጂ.ኤም.ሲ. ሀመር ኢቪ ከ4,000 በላይ ነው፤ ባትሪው ብቻውን ከአንድ ትንሽ አውቶሞቢል ይከብዳል። ማስታወቂያ ሠሪዎች መኪናውን ቋጥኝ ላይ ሲያወጡት ታያላችሁ። ቋጥኝ ግን ለኤሌክትሪክ መኪና ቀላሉ ፈተና ነው፤ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስላለ መኪናው በቀላሉ አይገለበጥም። እውነተኛው ፈተና ጭቃ ነው።

ለምን እንደሆነ ከኩሎም የወረስነው ቀላል ቀመር ይነግረናል። አፈር ለጎማ የሚሰጠው የመግፋት አቅም ከሁለት ነገሮች ድምር ይገኛል። አንዱ የአፈሩ የመጣበቅ ኃይል በጎማው የመንካት ስፋት ሲባዛ ነው፤ ሁለተኛው የመኪናው ክብደት በአፈሩ የውስጥ ሰበቃ ሲባዛ ነው። በደረቅ አሸዋ ሁለተኛው ይገዛል፤ ክብደት ሲጨምር መግፋቱም ይጨምራል፣ ምንም እንኳ መስጠሙ ቢከተልም። በክረምት ውሃ በጠገበ ዋልካ ላይ ግን የውስጥ ሰበቃው ወደ ዜሮ ይጠጋል። ያኔ ተጨማሪው አንድ ቶን ለመግፋት ምንም አይረዳም፤ የሚያደርገው ጎማውን ወደ ታች መጫን ብቻ ነው። ስምንት መቶ የፈረስ ጉልበትም ቢኖር አፈሩ ካልተቀበለው ጎማውን ከማሽከርከር ሌላ ፋይዳ የለውም። በደብረ ዘይትም ሆነ በጎጃም ሜዳ በሐምሌ የነዳ ሰው ይህን ቀመር ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ ለዋልካ አገር ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን ክብደቱን ለጎማው ስፋት ያካፈለውን ቁጥር ነው።

ክብደት በባትሪውም ላይ ይመጣል። በአስፋልት ላይ ጎማ የሚገጥመው የመንከባለል እንቅፋት ከክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። በለስላሳ አሸዋ ላይ ከአሥር እስከ ሠላሳ በመቶ ይደርሳል። ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ዝቅተኛውን፣ አሥር በመቶውን ብንወስድለት እንኳ፣ ይህን እንቅፋት ለማሸነፍ ብቻ በየኪሎ ሜትሩ 0.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያወጣል። በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀት በዚህ ቦታ ትርጉም የለውም። የጎማ አየር ማስተንፈስ እዚህ ላይ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

አሁን አንድ የምናውቀውን መንገድ በቁጥር እንሂድበት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ 1,400 ሜትር ገደማ ዝቅ እንላለን፤ ወደ ደጀን ስንወጣም ያንኑ ያህል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 11.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ የሞተሩን ብክነት ስንጨምር 13 ገደማ። በ2025 እ.ኤ.አ. የቀረበው የኤሌክትሪክ ሃይሉክስ ባትሪ 59.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ ዳገት ከአምስት እጅ አንዱን በላ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ግን ይመልሳል፤ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ከሚወርደው ኃይል ግማሽ ያህሉን፣ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ባትሪው ሊያስገባ ይችላል። ጥቅሙ ከኃይሉ ቁጠባ ይልቅ ለፍሬኑ ነው፤ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የጋለ ፍሬን ሽታ የማያውቅ ተጓዥ የለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባትሪው ጎሐ ጽዮን ላይ እስከ አፉ ከተሞላ የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል። ከቁልቁለት በፊት ባትሪን አለመሙላት ለናፍጣ ሾፌር እንግዳ ትምህርት ነው፤ ሆኖም መማር አለበት።

እዚህ ላይ የጨረቃው ደንብ ይመለሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሙቀት ኃይል አለው። ሞተሩ ሢሶውን እንኳ ወደ ሥራ ቢለውጠው፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን ከዚያ የሃይሉክስ ሙሉ ባትሪ ጋር የሚስተካከል ሥራ ይሠራል። ጀሪካን በአህያም ይመጣል፤ ባትሪ ግን አይመጣም። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ የመስክ ጉዞ ሲታቀድ መጠየቅ ያለበት «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ሳይሆን «ከየት ላይ ብንመለስ እንደርሳለን?» ነው። ቶዮታም ይህን ያወቀ ይመስላል፤ ለዚህ መኪና የሰጠው ርቀት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው፣ ለረጅም መንገድ ነው ብሎም አይሸጠውም። በ2021 እ.ኤ.አ. ቢ.ኤች.ፒ. የተባለው የማዕድን ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ የኤሌክትሪክ ላንድክሩዘር ለሙከራ ያሰማራው በማዕድን ማውጫው ቅጥር ውስጥ ነበር። ቻርጀሩ ቅርብ ነው፣ ጉዞው አጭር ነው፣ በመሬት ውስጥ ጭስ የማያወጣ መኪና ደግሞ የአየር ማስገቢያ ወጪን ይቀንሳል። ቦታውን ያገኘ ቴክኖሎጂ እንዲህ ነው።

መካከለኛውን መንገድ የያዙም አሉ። ቢዋይዲ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሻርክ ባትሪና የቤንዚን ሞተር አጣምሮ የያዘ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን ግን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝ ዘንግ የለም፣ ሲወጣም ዲፈረንሺያሉን የሚቆልፍ መካኒካዊ መሣሪያ አልነበረውም። ፎርድም በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሙሉ ኤሌክትሪኩን ኤፍ-150 ላይትኒንግ ማምረት እንደሚያቆምና ተከታዩ ባትሪውን የሚሞላ ሞተር እንደሚይዝ አስታውቋል። ገበያው ራሱ ስለ ርቀትና ስለ ጭነት የሰጠው መልስ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

ስለ ውሃ ባጭሩ ልናገር። የናፍጣ ሞተር ውሃ ከሳበ ይሰበራል፤ የኤሌክትሪኩ የሚስበው አየር የለም። የኤሌክትሪኩ ሃይሉክስ እንደ ናፍጣው ወንድሙ 700 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲሻገር ተደርጎ ተሠርቷል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አይፒ67 የተባለው ደረጃ ዕቃው በአንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ ውሃ አይገባበትም ማለት ነው። የተፈተነው ግን አዲስ ዕቃ ነው። የጋለ ሳጥን ድንገት ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ማሸጊያው ከደረቀ ውሃውን ይስባል። ከአምስት ዓመት አቧራና ፀሐይ በኋላ ያ ማሸጊያ ምን ይመስላል? ሻጩን መጠየቅ ያለብን ይህን ነው።

ወደ ዕድሜው ስንመጣ፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሚታ የለም፣ የሞተር ዘይት የለም፣ በቆሻሻ ናፍጣ የሚደፈን ኢንጄክተር የለም። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም እንደ ሽንሽን ቀሚስ የታጠፈ የጠጠር መንገድ የሚገድለው ትልቁን ሞተር አይደለም። ቡሎኑን፣ ኩሽኔታውን፣ የሽቦ መያዣውን፣ ማጣበቂያውን ነው። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ቴስላ 46,096 ሳይበርትራኮችን ለማስተካከል የጠራው ባትሪው ስለነደደ ወይም ሞተሩ ስለተበላሸ አልነበረም፤ ከጣሪያው ጠርዝ ያለው የብረት ሽፋን ማጣበቂያው ተሰባሪ ሆኖ ሊላቀቅ ስለሚችል ነበር። ያ የሆነው በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ነው። ክብደት ሲጨምር ደግሞ ጎማ፣ ቡሽና የመሪ ጫፎች ቶሎ ያልቃሉ፤ እነዚህን የሚሸጥና የሚያስተካክል ሰው ግን በየከተማው አለ።

የሌለው የባትሪው ሐኪም ነው። በናፍጣ መኪና ሥር ድንጋይ ቢመታ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ሾፌሩ ያያል፤ በሳሙናም ቢሆን ደፍኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የባትሪ ሳጥን ሲመታ ግን ከውጭ ትንሽ ስርጉዳት ብቻ ሊታይ ይችላል። በውስጡ የማቀዝቀዣ ቱቦ ተቆልምሞ፣ የኤሌክትሪክ መከለያው ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለካ መሣሪያና በ400 ቮልት ላይ ለመሥራት የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ፎርድ ለላይትኒንግ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣል፤ በፋብሪካ ጉድለትና በድንጋይ ምት መካከል ያለው ልዩነት ግን ዋስትና ያለበትንና የሌለበትን ይለያል። ሞጁል በሞጁል የማይፈታ ባትሪ ያለው መኪና፣ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ አንድ ያልታደለ ድንጋይ የመኪናውን ግማሽ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ ለተቋማት የመኪና ግዢ መግለጫ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ እዚህ ካላችሁ፣ የፈረስ ጉልበትንና ከዜሮ እስከ መቶ የሚደርስበትን ሰከንድ ከመግለጫው አውጡልኝ። በምትኩ ሙሉ ጭነት ይዞ በጠጠር መንገድ ስንት እንደሚሄድ፣ በዳገት ላይ እያዘገመ ስንት ደቂቃ ሳይደክም እንደሚቆይ፣ ከባትሪው ሥር ያለው መከላከያ ብረት ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ አንድ ሞጁል ለብቻው ይቀየር እንደሆነ ጻፉ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በቀን መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ማታ ወደ ግቢው ለሚመለስ መኪና፣ ዛሬውኑ ኤሌክትሪክ ይግዙ እላለሁ፤ ናፍጣን የመምረጥ ምክንያት አይታየኝም። ለአፋር አሸዋና ለክረምቱ ዋልካ ግን ገና አልልም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ሁለት ፒክአፕ፣ አንዱ ናፍጣ አንዱ ኤሌክትሪክ፣ እኩል ጭነት ይዘው ከሰኔ እስከ ጥቅምት በአንድ የዋልካ መንገድ ላይ ይመላለሱ፤ በየጉዞው የፈጀው ኃይል፣ የጎማው መስጠም፣ የባትሪው መከለያ መጠንና የላላው ቡሎን ሁሉ ይመዝገብ። መለኪያዎቹ አሉን። የአፈር ላቦራቶሪውም ከዚህ ሕንጻ ምድር ቤት ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።